የዋቅጋሪ ሌንሶች

ዋቅጋሪ የሞተው ዓይኑን ሊታከም በገባበት፣ አምቦ በሚገኝ አንድ የግል ዓይን ክሊኒክ ደረጃ ሥር ነው። ኢንስፔክተር አመለሸጋ ጠዋት ስትደርስ አንገቱ ተቆልምሞ፣ ጫማውን እንዳደረገ ሲሚንቶው ላይ ተዘርሯል። ስሟን ያወጡላት ወላጆቿ ምን አይተው እንደሆነ እንጃ፤ ሴትዮዋ ለሬሳም ለሕያውም የምትራራ አይደለችም። ጎንበስ ብላ የሟቹን የዓይን ቆብ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ሌንስ የለም።

«ያለ ሌንስ እኮ ደህና አድርጎ አያይም!» አለች ነርስ ዶርቃስ እያለቀሰች። «አውልቆ ሲወርድ ተንሸራቶ ነው። ምስኪን!»

ክሊኒኩ አዲስ ዓይነት ኮንታክት ሌንስ በጥናት እየሞከረ ነበር። ተሳታፊዎቹ የዓይናቸው ፊት እየሾለ ሄዶ መነጽር ያልረዳቸው ሰዎች ናቸው፤ ለምርመራ ሲመጡ እዚያው ግቢ ያድራሉ። ትናንት በሩ ከውስጥ ተቆልፎ፣ ከሟቹ ሌላ ያደሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ደቻሳ፣ ዶርቃስ፣ እና ከጉደር የመጣችው ተማሪ ሴና።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ?» አለች አመለሸጋ ዶክተሩን።

«ሌንሱ ግራ ዓይኑን አቁስሎ ጠባሳ ጣለበት። ቢቆጣ ይፈረድበታል? ትናንት ግን ታርቀን ነው የተለያየነው።»

«ምን አስታረቃችሁ?»

«የሌላ ታካሚ ጉዳይ ነው። ልነግርሽ አልችልም።»

«ይሁን። ሳያመሹ ይነግሩኛል።»

ሴና እጆቿን ጉልበቷ መሃል ቀብራ ተቀምጣለች።

«ሌንሱ ባይኖር ምን ታያለሽ?»

«ጭጋግ። ትምህርቱን በጆሮዬ ነበር የምከታተለው። ሌንሱን ያደረጉልኝ ቀን የእናቴን ፊት አየሁት፤ አርጅታለች። እኔ ሳላያት አርጅታ!»

«ጥናቱ ቢዘጋስ?»

«ይወስዱታላ! ገደል እገባለሁ እንጂ ወደዚያ አልመለስም።»

አመለሸጋ ዶርቃስን ይዛ ሟቹ ክፍል ገባች። አልጋው አጠገብ ባለ ሁለት ጉድጓድ የሌንስ ማስቀመጫ አለ፤ ክዳኖቹ ላይ ቀኝና ግራ ተጽፎባቸዋል።

«የቀኝ ዓይኑ ሌንስ በምን ይለያል?»

«ጥቁር ነጥብ አለው።» ዶርቃስ ከፈተችውና ደነገጠች። ነጥብ ያለው ሌንስ የተቀመጠው በግራው ጉድጓድ ነው። «ኦቦ ዋቅጋሪ ይህን አይሳሳትም! ሌሎቹን የሚያለማምደው እሱ ነው።»

አመለሸጋ ሦስቱንም መመርመሪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ያለ ሌንስ የማያይ ሰው ሌንሱን አውልቆ፣ ጫማውን አድርጎ፣ በጨለማ ደረጃ ልውረድ አይልም። ዋቅጋሪ የወደቀው ሌንሱ ዓይኑ ላይ እያለ ነው፤ ተገፍትሮ። የገፋው ሰው ከሞተ በኋላ አወለቀለት፤ በራሱ ጥፋት የወደቀ እንዲመስል። ዶክተር፣ እስቲ የሴናን ግራ ዓይን ያሳዩኝ።»

ዶክተሩ ሴና ፊት ቆመው በቀኝ እጃቸው በኩል ያለውን ዓይን አሳዩ። ዶርቃስም ሳታቅማማ እንዲሁ አደረገች።

«አያችሁ፣ እናንተ ዕድሜያችሁን የሰው ዓይን ፊት ለፊት ስታዩ ኖራችኋል፤ ቀኝና ግራው አይምታታባችሁም። ያ ሰው ግን ሬሳው ፊት ተንበርክኮ፣ በራሱ ቀኝ በኩል ያገኘውን ዓይን ቀኝ ነው ብሎ አስቀመጠው። እንዲህ የሚሳሳተው ሌንስ ማውለቅ የለመደ፣ ግን ከራሱ ዓይን በቀር የማንንም አውልቆ የማያውቅ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ሴና ዞሩ።

«ጥናቱን ሊያዘጋው ነበር!» ብላ ጮኸች። «ከሶ ሊያዘጋብኝ! ዶርቃስ ነግራኛለች!»

«እኔ እኮ... ሲቆጣ ሰምቼ መሰለኝ እንጂ...» አለች ዶርቃስ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄው ነው።

ዶክተር ደቻሳ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «ልጄ፣ ትናንት የመጣው ላንቺ ሊለምን ነው። ‹የኔስ ዓይን አንዴ ተበላሽቷል፤ ጥናቱ ሲያልቅ የልጅቷን ሌንስ አትውሰዱባት› አለኝ። እሺ አልኩት። ዛሬ ሊያበስርሽ ነበር።»

«ዋዮ!» አለች ሴና።

«አሁን ተሳታፊ ተገድሎ ጥናቱ አይቀጥልም» አሉ ዶክተሩ ፊታቸውን አዙረው። «ሌንሱ ይሰበሰባል። ያንቺም፣ ከጊንጪ የሚመጡት ታካሚዎችም፣ የሁሉም።»

ሴና አመለሸጋ እግር ላይ ወደቀች። «እናቴ ከጉደር እየመጣች ነው። እስክትደርስ ብቻ አይውሰዱብኝ፤ ፊቷን አንዴ ልየው!»

አመለሸጋ ከእግሯ ላይ አነሳቻት።

«አውልቂው» አለቻት። «የዛሬውን ፊቷን ባታይው ይሻልሻል።»