ይድረቅ ወይስ ይተው

የዘካርያስ አስከሬን በሽንኩርት ማድረቂያው ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ተደፍቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር።

ኢንስፔክተር ሲና አዳማ ዳር ወዳለው ግቢ ስትደርስ፣ የሟቹ ሚስት ጥሩነሽ ሽማግሌውን ሠራተኛ ኑሬን አንገቱን አንቃው ነበር።

«ገዳይ! ባሌን እንደ ሽንኩርት አደረቅኸው! የግቢው ቁልፍ ካንተና ከወንድሙ ከሚኪያስ በቀር ማን ጋ አለ?»

«ክፍሉ ያስገባኋቸውስ እኔ ነኝ» አለ ኑሬ። «ሰክረው ነበር። ሐኪሙ ይድረቅ ብሏል ያሉኝ ግን ወንድማቸው ናቸው። ሙቀቱን ዝቅ አድርጌ፣ በሩን ከፍቼ ትቻቸው፣ ግቢውን ቆልፌ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ስመጣ የግቢው በር እንደተቆለፈ ነበር፤ ከፍቼ ስገባ ሙቀቱ ጨምሮ፣ እሳቸውም ሞተው አገኘኋቸው።»

ሲና ጥሩነሽን ለብቻዋ ወሰደቻት።

«ጋሽ ኑሬ ትናንት ከዚህ ወጥተው የት ሄዱ?»

«እኔው ቤት። የውሃ ታንከሩን ሲጠግን አመሸ፤ እዚያው ዘበኛ ቤት ከዘበኛው ጋር አደረ። ይሄ ምን ያደርግልሻል?»

«ባለቤትዎ አልደወሉም?»

«ደውሏል። ሙቀቱ ተስማምቶኛል፣ በሩም ክፍት ነው፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው፣ ትንሽ ልተኛ አለኝ። ይሄ ጉደኛ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር!»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሚኪያስ ቢሮ ውስጥ ነበር። ከወንበሩም አልተነሳም።

«ከወንድምዎ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«አባቴ የሰጠኝን ቤት ሸጦ ጠጥቶበታል። ምኑን ልስማማ?»

«እርስዎስ ይጠጣሉ?»

«ድሮ። ዱባይ ሳለሁ ሐኪም አስተወኝ። አሁን ድራይ ነኝ፤ ባፌ አይዞርም።»

«የወንድምዎ ሐኪም ምን አሉ?»

«በእንግሊዝኛ ድራይ አውት ማድረግ አለበት አሉኝ። ይድረቅ ማለት ነው። ለኑሬ ነግሬው ወለንጪቲ ሄድኩ። ጥፋት ካለ የቋንቋ ጥፋት ነው።»

ሲና ለሐኪሙ ደወለች። ከዚያ ሦስቱንም በማድረቂያው በር ፊት አቆመቻቸው።

«ሐኪሙ ድራይ አውት ማለታቸውን አረጋግጠዋል» አለች። «ለሽንኩርትና ለልብስ ሲሆን ይድረቅ ማለት ነው። ለሰካራም ሲሆን ግን መጠጥ ይተው ማለት ነው።»

«እኔ በምን አውቄ?» አለ ሚኪያስ።

«ያውቃሉ። መጠጥ መተውዎን የነገሩኝ በዚያው ቃል ነው። ድራይ ነኝ ሲሉኝ ደረቅሁ ማለትዎ አልነበረም። ትርጉሙን እያወቁ ጋሽ ኑሬን ያሳሳቷቸው፣ ጥፋቱ በእሳቸው እንዲላከክ ነው።»

«የቀረቀረው እሱ ቢሆንስ?»

«ሟቹ በስልክ በሩ ክፍት ነው ሲሉ ጋሽ ኑሬ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ነበሩ፤ ያደሩትም እዚያው ነው። ይህንን ወይዘሮዋ ራሳቸው ነገሩኝ። ግቢው ደግሞ የተቆለፈ ነበር። ሌላ ቁልፍ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ተመልሰው መጥተው በሩን ቀረቀሩ፤ ሙቀቱንም ጨመሩ።»

ሚኪያስ ጥሩነሽን በጥላቻ አያት።

«ከውስጥ ሲለምነኝ ቆሜ ሰማሁት» አለ። «ቤቴን አትሽጥብኝ ብዬ እግሩ ላይ ስወድቅ እሱም ቆሞ ሰምቶኛል።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ጥሩነሽ ወደ ኑሬ ዞረች።

«ጋሽ ኑሬ፣ ይቅር በለኝ።»

ኑሬ የግቢውን ቁልፍ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠ። ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ባጃጅ አስቆመና ተሳፍሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያን ግቢ አልረገጠም።