የዳለቻ ወተት

«እንደታለበ ነው፤ ማንም አልነካውም!» አሉ አጎት አብዱልጀሊል፣ ጮጮውን ከትከሻቸው እያወረዱ። ከጨፋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነው የመጡት። በወይራ የታጠነው የወተት ዕቃ ገና ሳይከፈት ቤቱን በሽታው ሞላው።

ፋሪዳ ኩባያ ትደረድራለች። ታላቅ እህቷ ሱዓድ ከወለደች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ወተቱም የመጣው ለአራሷ ነው። በቤተሰቡ ደንብ ባለላሙ ይዞት የመጣ ወተት እሱ ፊት፣ እሳት ሳይነካው ይጠጣል። ማፍላት ላሟን መጠርጠር ነው።

«አምና ላሜ ዳለቻ ጽንስ ጥላ አስለቅሳን ነበር» አሉ አጎቷ። «ዘንድሮ ግን አልሐምዱሊላህ፣ ጥጃዋን ብታዩ!»

የፋሪዳ እጅ ኩባያው ላይ ቀረ። ባለፈው ሳምንት በጤና ክበብ የተማሩት ይሄንኑ ነበር። ጽንስ የጣለች ላም ደህና ብትመስልም ወተቷ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የወይራ ጭስ ሽታውን ያሳምረዋል እንጂ በሽታውን አይገድለውም፤ መፍላት አለበት። ይህን በትልቅ ወረቀት ጽፋ ክፍል ውስጥ የለጠፈችው ራሷ ናት። ያን ቀን ክፍሉ በሙሉ አጨብጭቦላት ነበር።

ጮጮውን ይዛ ወደ ማድ ቤት ስትገባ እናቷ ሀዲጃ ተከተለቻት።

«እማ፣ ይሄ ወተት መፍላት አለበት።»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል! እሱ ፊት ትንሽ እንቅመስለት። የሱዓድን ሲሄድ እናፈላዋለን።»

ነገሩ ቀላል ነበር። አጎቷ አይቀየሙም፣ ሱዓድም አትታመምም። ግን የአጎቷ ልጅ ኢማን ትዝ አለቻት። አምስት ዓመቷ ነው፤ በየቀኑ ከዚሁ ጮጮ ትጠጣለች። በድብቅ የፈላ ወተት ለኢማን ምን ይጠቅማታል?

ፋሪዳ የከሰል ምድጃውን አንስታ በረንዳው ላይ፣ አጎቷ በሚያዩት ቦታ አስቀመጠችው። ወተቱን ብረት ድስት ውስጥ ገልብጣ ጣደችው።

«ኧረ ፋሪ፣ ሼም ነው!» አለች ሱዓድ ከአልጋዋ ላይ።

አጎቷ ወጡ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ላሜን ነው የጠረጠርሽው?» ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ዳለቻ ምን አጠፋች አጎቴ?» አለች ፋሪዳ። «ጽንስ የሚያስጥለው በሽታ በዓይን አይታይም። ወተቱ ውስጥ ከገባ ሰውንም ይይዛል። ከፈላ ግን ይሞታል። ሱዓድ አራስ ናት። ተደብቄ ላፈላው እችል ነበር፤ እርስዎን መዋሸት ግን አልፈለግኩም።»

አጎት አብዱልጀሊል ወደ ምድጃው ጠጋ አሉ። ወተቱ እየተነፋ መጣ። ፋሪዳ እንዳይገነፍል እያማሰለች በደንብ አንተከተከችውና አወረደችው። ቀዝቀዝ ሲል ላዩ ላይ ወፍራም ስልባቦት ጋገረ። አጎቷ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ ሁሉ ስልባቦት?»

«የምንገዛው ወተት የዚህን ሩብ አይዝም» አለች እናቷ።

«ውሃ ያልገባበት ነዋ!» ቀና አሉ። «የዳለቻ ነው! ማሻአላህ በሉ እንጂ!» ጎረቤቷን ፋጡማንም ጠርተው አሳዩአት። «የላሜ ወተት ነው። ያፈላችው ደግሞ የእህቴ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ፊቴ ቆማ የነገረችኝ!»

ፋሪዳ ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት። ክፍሉ ያጨበጨበላት ቀን እንኳ እንዲህ ደረቷ አልሞላም ነበር። የመጀመሪያውን ኩባያ ለአጎቷ፣ ሁለተኛውን ለሱዓድ ሰጠች።

ሊሄዱ ሲሉ እናቷ ጮጮው ባዶውን እንዳይመለስ ስኳር ጨመረችበት።

«ለሚስቴ እነግራታለሁ» አሉ አጎቷ። «እሺ አትለኝም እንጂ። ወተቱ እሳት ከነካው ላሟ ትደርቃለች ነው የምትል።»

ፋሪዳ የፊታችን ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ሠርግ ልትሄድ አስባ ቀሚሷን ሁሉ ተኩሳ ነበር። ጮጮውን አየችውና ሠርጉን ተወችው።

«አጎቴ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። የጠዋቱን ወተት ባለቤትዎ ፊት እኔ አፈላዋለሁ። በሳምንቱ ዳለቻ ደርቃ እንደሆነ ይደውሉልኝ።»

አጎቷ ከት ብለው ሳቁ። ፋሪዳ ጮጮውን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ቀድማቸው ወደ ባጃጁ ሄደች።