የመሃለኛው ጆሮ

ክፍሉ እንደ ቅዳሜ ገበያ ይንጫጫል። የእንግሊዝኛው መምህር ቲቸር ደምሴ ግን አንድም ቀን «ዝም በሉ» ብለው አያውቁም። ዘጠና ተማሪ ታጭቆ ማንን አናግረው ማንን ሊተዉ? ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። በየዴስኩ ካሉት ሦስት ተማሪዎች ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ መሃለኛው አፉን ዘግቶ ይሰማል፣ በመጨረሻም የሰማውን ይናገራል።

«ከመጽሐፉ እንዳትገለብጡ» ይላሉ ሁልጊዜ። «የራሳችሁን እውነት አውሩ።»

ሙሴ መሃለኛ ነው። በግራው ካሳሁን፣ በቀኙ ታቢታ ተቀምጠዋል። ዛሬ ስለ እግር ኳስ እያወሩ ነው፤ እሱ ግን አንዲት ቃል አልሰማም። ጆሮው ውስጥ የቀረው የትናንቱ ወሬ ነው።

ትናንት ካሳሁን ስለ ወንድሟ ሲጠይቃት፣ ታቢታ «ማይ ብራዘር ኢዝ ኢን ቱላ» አለችው። ከውትድርና አፈሳ ሸሽቶ ቱላ መንደር፣ አክስቷ ቤት እንደተደበቀም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጨመረችለት። በአማርኛ ቢሆን ትንፍሽ አትልም ነበር። እንግሊዝኛ ግን የማንም የቤት ቋንቋ ስላልሆነ፣ የተወራው ሁሉ እዚያው ክፍል ውስጥ የሚቀር ይመስላል።

ሙሴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገባው። የሰው ወሬ በእንግሊዝኛ ሲነገር ሙሉውን ሲረዳ የመጀመሪያው ነበርና ደስታው አላስቀምጥ አለው። ማታ እራት ላይ አባቱ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ሲሉት፣ ደረቱን ነፍቶ አንድ በአንድ ተረጎመላቸው። አባቱ አቶ ኩማ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ናቸው። «ጎበዝ» አሉና እጃቸውን ታጥበው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው ወጡ።

ሞኙ ሙሴ ያኔም አልነቃም። ክው ያለው ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ፣ ቀበሌው በር ላይ በቆመው የጭነት መኪና ላይ የታቢታን ወንድም ከሌሎች ጎረምሶች ጋር ተጭኖ ሲያየው ነው። ታቢታ በሌላ መንገድ ስለምትመጣ ምንም አላየችም።

«አንተ፣ እየሰማኸን ነው?» አለችው አሁን በአማርኛ።

ቢናገር ጉዱ ይወጣል። ዝም ቢል ደግሞ መኪናው ወንድሟን ሳትሰናበተው ይዞት ይሄዳል። ሙሴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ወንድምሽ ተይዟል። ቀበሌው በር ላይ፣ መኪና ላይ ነው። አሁን ከሄድሽ ትደርሽበት ይሆናል።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ። ለአባቴ… ስለገባኝ ነው የነገርኩት።»

አልሰደበችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ማንም ልብ አላላትም።

ብዙም ሳይቆይ፣ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አስፋልት በኩል የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ። ሙሴ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠ። ሌላ ምን ያድርግ፣ ሥራው መስማት ነው።

ታቢታ የተመለሰችው በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ነው። ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«ደረስሽ?» አላት ካሳሁን።

«የመኪናውን ጀርባ አየሁት» አለች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ከኋላ፣ ወንበር ያጡት ልጆች የሚቀመጡበት መሬት ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ሙሴን አላየችውም።

ማታ አቶ ኩማ እንደ ትናንቱ ከገበታው ፊት ተቀመጡ። ደስ ብሏቸዋል።

«እህ፣ የኔ ጎበዝ፣ እነዚያ ልጆች ዛሬስ ምን አወሩ?»

«በእንግሊዝኛ ነው ያወሩት» አለ ሙሴ። «አልገባኝም።»

«ትናንት ገብቶህ አልነበር እንዴ?»

«ከእንግዲህ አይገባኝም» አለና ሳህኑን ገፋ አደረገው።