ግንቡ ያዞረው ውኃ

የባዳቾ ሬሳ የተገኘው ራሱ ባስገነባው የአርማታ ግንብ ሥር፣ ፊቱን ወደ አባያ ሐይቅ ደፍቶ ነው። ኢንስፔክተር ሶፍያ ከሶዶ ተጠርታ የሁምቦን ቆላ አቋርጣ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የቀበሌው ሚሊሻዎች ግን ጉዳዩን የጨረሱ መስሏቸዋል።

«ገዳዩ ጎረቤቱ ኤርካሎ ነው» አላት አንደኛው። «ተበላ ከተማ፣ ገበያው ላይ ያዝነው። መጀመሪያ ክዶ ነበር፤ እዚህ አምጥተን ከሚስቱ ፊት ስናቆመው አመነ።»

ኤርካሎ እጁን ታስሮ ግራር ሥር ተቀምጧል። ሚስቱ አስካለች ጥቂት ራቅ ብላ፣ በዚያ ሙቀት ነጠላዋን በእጆቿ ላይ ጠምጥማ ቆማለች።

ሶፍያ አጎንብሳ ሬሳውን አየች። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ደም የነካው አካፋም አጠገቡ ወድቋል። ቀና ስትል ግንቡ ከፊቷ ተገተረ። አባያ ከዓመት ዓመት እየሞላ የዳርቻውን ቤቶች ሲውጥ፣ ባዳቾ የጡረታ ቤቱን ለማትረፍ ያቆመው ነበር። ማዕበሉ ግንቡን መትቶ ይመለስና ጫፉን ዞሮ የኤርካሎን መሬት ይገምሳል። ከኤርካሎ ቤት የቀረው ግማሹ ነው።

«ጋሽ ኤርካሎ፣ መቼ ገደሉት?»

«ትናንት፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ» አለ ቀና ሳይል። «ግንቡን መሥራት ተው ብዬ ስንቴ ለመንኩት! አልሰማኝም።»

የሟች ሚስት ምሕረት መሬት ላይ ተቀምጣለች። «ትናንት አመሻሽ ላይ ለአዳር ጸሎት ሄድኩ» አለች። «ከምእመናኑ ጋር የወጣሁት ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስደርስ ጦና ይጮኻል።»

ጦና ግንበኛው ነው። ትናንት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የግንቡን አናት በአርማታ ሞልቶ እንደሄደ ነገራት።

«ትኩስ አርማታ የዚያኑ ዕለት ውኃ አይወድም። ስለዚህ ደረቅ ጆንያ አለበስኩት፣ ጋሪዬን አጠብኩ፣ ወጣሁ። ጠዋት ላጠጣው ስመጣ ሬሳውን አየሁ። ከዚያ ምኑን አጠጣዋለሁ?»

«ከባዳቾ ጋር ተጣልተህ ታውቃለህ?»

ጦና ጉንጩን ዳበሰ። «ባለፈው ሳምንት በጥፊ መቶኛል። ግንቡ ጎረቤት ያጠፋል ስላልኩት።»

ሶፍያ ግንቡ ላይ ወጥታ አንዱን ጆንያ ስትጨምቀው ውኃ ወረደ። ዝናብ ከጠፋ ወር አልፏል። የታጠበው ጋሪ ውስጥም አርማታ አለ፤ ከላዩ ተዝቋል። ከጋሪው ጀምሮ የአርማታ ጠብታ በመስመር ይሄዳል። ጠብታውን ተከትላ የኤርካሎን አጥር አለፈችና ከአንዲት ትንሽ መቃብር ደረሰች። «ትዕዛዝ ኤርካሎ» ይላል ድንጋዩ። ዳርቻው ተንዶ የሬሳ ሳጥኑ አንድ ጫፍ ይታያል። ከሥሩ የተደረደሩ ድንጋዮች በአርማታ ተለስነዋል። ጥፍሯን ብትጭንበት ሰረጎደ። የትንሽ መዳፍ ምልክትም ነበረበት።

ተመልሳ ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ኤርካሎ ዋሽተዋል» አለች። «ደረቁ ጆንያ ረጥቧል፣ ንጹሑ ጋሪ አርማታ ይዟል። ባዳቾ ዛሬ ጠዋት በሕይወት ነበር፤ ጦና እስኪመጣ ሳይጠብቅ ራሱ አቡክቷል፣ ራሱ አጠጥቷል። እርስዎ ግን ጎህ ሳይቀድ ተበላ ሄደዋል። ወደ ተበላ ለወሰደዎት ሾፌር ደውያለሁ፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው ያሳፈረዎት።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ!»

«ተበላ ላይ ክደው እዚህ ለምን አመኑ? እዚህ ምን አዩ?»

ኤርካሎ ሚስቱን ሰረቅ አድርጎ አየ።

«ወይዘሮ ምሕረት ከምእመናን ጋር ነበሩ። ጦና ቢሆን መቃብሩን በግንበኛ ማንኪያው ይለስነው ነበር። የለሰነው ሰው ግን በባዶ መዳፍ ነው፤ መዳፉም ትንሽ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ አስካለች፣ እጆችሽን አሳዪኝ።»

ነጠላው ተፈታ። እጆቿ ሲሚንቶ በልቷቸው ቀልተዋል፤ ጥፍሮቿ ሥር ግራጫ ሆኗል።

«ተዪ!» ብሎ ኤርካሎ ጮኸ።

«ይብቃ» አለች አስካለች። «ጠዋት ስነሳ የልጄ ሳጥን ወጥቶ አየሁት። ባዳቾ አርማታውን አቡክቶ ወዲያ ጫፍ ላይ ግንቡን ያጠጣል። አንድ ባልዲ ወስጄ ለሰንኩ። ለሁለተኛው ስመለስ ያዘኝ። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ባልዲውን በእርግጫ ሐይቅ ውስጥ ከተተው። ‹ለሞተ ልጅ አርማታ ምን ያደርጋል?› አለኝ። ጀርባውን ሲሰጠኝ አካፋው እጄ ላይ ነበር።»

ምሕረት እንባዋን ጠርጋ፣ «ምነው እኔን ብትጠይቂኝ፣ አስካለች?» አለች።

«ሁለቴ ጠየቅኩሽ። ‹እሱን ጠይቂው› አልሽኝ።»

ምሕረት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ልጄን ከዚህ ዳርቻ ሳታወጧት አትውሰዱኝ» አለች አስካለች ወደ ሶፍያ ዞራ።

ሶፍያ የኤርካሎን እጅ አስፈታች። እሱና ጦና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆፍረው ሳጥኑን ወደ ላይኛው ማሳ ተሸክመው ወጡ፤ ምሕረትም ከኋላቸው ተከተለች። በአዲሱ መቃብር ላይ አፈሩ ተመልሶ ሲያበቃ አስካለች ማንም ሳይነካት መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።