በስልኩ የተናገረው ማን ነበር?

«እውነቱን፣ እውነቱን ብቻ እንደምናገር በእግዚአብሔር ፊት እምላለሁ» አለ አባቷ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በቀኝ እጁ ከፍ አድርጎ።

ካጌሃ ከላይ፣ ከሕዝቡ መቀመጫ ሆና የሸሚዙን እጅጌ ታያለች። ጠዋት የእጅጌውን ቁልፍ የቆለፈችለት እሷ ናት። «እጄን ምን አንቀጠቀጠው ባክሽ?» ብሎ ሲስቅ እሷም አብራው ስቃ ነበር። አሁን እጁ አይንቀጠቀጥም። እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ ብሏል።

የሥነ ዜጋ መምህራቸው ክፍሉን በሙሉ ወደ ካውንቲው ምክር ቤት ያመጣው «ሕዝብ ሹሙን ሲጠይቅ በዓይናችሁ እዩ» ብሎ ነው። ቀኑን ሲይዝ ክርክሩ ስለ ገበያው ጣሪያ ነው ተብሎ ነበር፤ ምክር ቤት ግን አጀንዳውን እንደ ሸሚዝ ይቀያይራል። ዛሬ ተረኛው የጤና ኮሚቴ ሆነ፤ ተጠያቂዎቹም የጤና ቢሮ ኃላፊው ኤልፋስ አዳጋላና የአምቡላንስ ሾፌሩ ኢንዲሙሊ። የኃላፊው ልጅ ካጌሃ፣ የሾፌሩ ልጅ ሚናዮ፣ ሁለቱም አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። መምህሩ «እናንተ ብትቀሩ ይሻላል» ቢላቸው ሁለቱም አሻፈረኝ አሉ። የቀረችው የጥፋተኛ ልጅ ልትመስል ነዋ!

ከታች፣ ከፊተኛው ረድፍ፣ አንዲት አሮጊት ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። የሟቿ የሮዳ አማት ናቸው። ሮዳ የሞተችው በሚያዝያው ዝናብ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ በኢቮና ጤና ጣቢያ፣ ወልዳ አምቡላንስ ስትጠብቅ ነው። ሕፃኑ ተረፈ።

አንዱ የምክር ቤት አባል ጥያቄ አለኝ ብሎ ተነሣና ስለ ራሱ መንደር መንገድ ሩብ ሰዓት አወራ። ሌላው አባቷን «ትጉህ ልጃችን» እያለ አሞገሰው። ከዚያ ክብርት ሎይስ ሙሳሊያ ማይኩን ወደ ራሷ ሳበች። ይህች ሴት አትጮህም። የምታስፈራውም ለዚህ ነው።

«ክቡር ኃላፊ፣ በዚያ ቅዳሜ አምቡላንሱ የት ነበር?»

«በሥምሪት ላይ ነበር፣ ክብርት።»

«ሥምሪት የሚባል ሰፈር በዚህ ካውንቲ አላውቅም። የት?»

አዳራሹ ሳቀ። አባቷም ትንሽ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ከከንፈሩ አላለፈም።

«ሾፌሩ ያለ እኔ ፈቃድ ወደ መኖሪያዬ አካባቢ ወስዶት እንደነበር በኋላ ነው የደረስኩበት። የእህቴ የጥሎሽ ቀን ነበር። የእንግዶቹ መኪና ጭቃ ውስጥ መግባቱን ሰምቶ፣ ደስ ሊያሰኘኝ አስቦ ይመስለኛል።»

«በኢቮና አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት እንደነበር ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም። ቢነገረኝ ኖሮ ክብርት፣ አማች አይደለም ንጉሥ ቢቀር ይቀር ነበር።»

ሕፃኑ አለቀሰ። ሰብሳቢው «እባካችሁ ልጁን ወደ ውጭ» ሲል ሎይስ ሳትዞር «ይቆይ፣ ክቡር ሰብሳቢ። ከሁላችንም በላይ ጉዳዩ የሱ ነው» አለች።

ካጌሃ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። የአባቷ ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረ፦ ማንም አልነገረኝም።

እሷ ነግራዋለች።

በዚያ ቅዳሜ ግቢያቸው በሰው ተጨናንቆ፣ ሽማግሌዎቹ ከማንጎው ሥር በክብ ተቀምጠው፣ የሙሽራው ወገን ገና መንገድ ላይ ነበር። ሚኒባሳቸው ዳገቱ ላይ እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ገባ። አማች ከመንገድ ከተመለሰ ጋብቻው አብሮት ይመለሳል፤ ሁለተኛ በዚያ ደጅ አይታይም። ይህን እዚያ አገር ውሻውም ያውቀዋል። የሙሽራዪቱ ወንድም ደግሞ ከሽማግሌዎች ክብ ተነሥቶ ስልክ ቢያወራ ነውር ነው። ስለዚህ አባቷ ሶዳ የምታድለዋን ልጁን በዓይኑ ጠራትና ስልኩን በኮቱ ሥር አቀበላት። «ኢንዲሙሊን፣ ትልቁን መኪና ይዘህ ና በይው። ገመድም ይያዝ።»

ደወለች። ጋሼ ኢንዲሙሊ «ካጌ ልጄ፣ ከኢቮና ጠርተውኛል። ወላድ አለች፣ ደም እየፈሰሳት ነው ይላሉ። ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ እጠብቃለሁ» አላት። ሄዳ አባቷ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለችና ቃል በቃል ነገረችው። አባቷ ሽማግሌዎቹን እያየ፣ ፈገግታውን ሳያጠፋ «አሥር ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ይህን ያውጣና ይሂድ» አለ። እሷም ለሾፌሩ አደረሰች። ገመዱ ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። አማቾቹ በጭብጨባ ገቡ። አሥሩ ደቂቃ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በላው።

አሁን ከታች ጋሼ ኢንዲሙሊ ተራው ደርሶ ምሏል። አጭር ሰው ነው፤ ማይኩ አልደረሰለትም፣ ዝቅ አደረጉለት።

«ወደ ኃላፊው ቤት የሄድኩት ተደውሎልኝ ነው» አለ።

«ከማን ስልክ?»

«ከአለቃዬ ስልክ።»

አባቷ እጁን አነሣ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ በዚያን ሰዓት ከሽማግሌዎች ጋር ነበርኩ። አንድም ስልክ እንዳላነጋገርኩ አሥር ሰው ይመሰክራል።»

በዚህኛው አልዋሸም። ክፋቱ እዚህ ላይ ነበር።

«አቶ ኢንዲሙሊ» አለች ሎይስ። «በስልኩ የተናገረው ማን ነበር?»

ጋሼ ኢንዲሙሊ ቆቡን በእጁ አዟዟረ። ቀና ብሎ ወደ ሕዝቡ መቀመጫ አላየም፤ አንገቱን ላለማቅናት እንደሚታገል ግን ያስታውቅበታል። ካጌሃ ከላይ ታየዋለች። ይህ ሰው ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤት ሲያደርሳት የጫማዋን ማሰሪያ ያስርላት ነበር።

«አላስታውስም» አለ።

«ሴት ናት ወንድ?»

«አላስታውስም፣ ክብርት።»

«ሥራህ፣ ምናልባትም ነፃነትህ በዚህ መልስ ላይ እንደተንጠለጠለ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሰብሳቢው መዶሻውን መታ። በዚህ ጉዳይ የሚያውቀው ያለ ሰው በምሳ ሰዓት ጸሐፊዋ ዘንድ ቀርቦ ማመልከት ይችላል፤ ዕድሜው ያልደረሰ ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮት ይቁም፤ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ሾፌሩ እንዲከሰስ የቀረበለትን ሐሳብ ይወስናል። ይህን እንደ አየር ጠባይ ዜና አንብቦ ተነሣ።

ኮሪደሩ ላይ ሚናዮ ግድግዳውን በጫማዋ ጫፍ ትረግጣለች። ዓይኗ ደርቋል። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

«አላስታውስም!» አለች አባቷን እያስመሰለች። «የዛሬ ሃያ ዓመት የነዳውን መኪና ታርጋ የሚያስታውስ ሰውዬ!»

«ሚና...»

«ተይኝ ባክሽ። ቤት ውስጥም ይኸው ነው። እናቴ ማን ደወለልህ ስትለው ሳህኑን ገፍቶ ይወጣል። እኔ ምን ይመስለኛል መሰለሽ? የደወለለት የለም። ፈጥሮ ነው። ለአባትሽ ሊያሽቃብጥ ሄዶ፣ ሰው ሲሞትበት ወሬ ፈጠረ። ሼም ነው! የፈሪ ልጅ መሆኔን ዛሬ አገር አየው።»

ካጌሃ ልትናገር አፏን ከፈተች። ከበሩ በኩል ግን «ካጌዬ!» የሚል ድምፅ መጣ። አባቷ ነው።

ከሕንፃው ጀርባ ያለችው ምግብ ቤት ውስጥ ቻፓቲ ቂጣና ባቄላ አዘዘላት። ለራሱ ሻይ ብቻ። የሚያልፉት ሁሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፤ በአክብሮት «በርታ ሙዜ»፣ «አሳየሃቸው!» ይሉታል። ሰው ሲርቅ ፊቱ ባዶ ቤት ይመስላል።

«ብይ እንጂ።»

«ነግሬህ ነበር፣ አባዬ።»

ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም፤ ግን አማሰለ።

«ምኑን?»

«ወላድ አለች ብዬህ ነበር። ጆሮህ ላይ።»

«ቀስ በይ።» ዙሪያውን ቃኘ። «ስሚኝ ልጄ። እኔ ማንንም ልገድል ተነሥቼ አላውቅም። አሥር ደቂቃ መስሎኝ ነው። እናትሽ እንኳ በሕይወት ብትኖር...» ቀሪውን ዋጠው። «አሁን አውቅ ነበር ብል ቀጥሎ ምን ይጠይቁኛል? ማን ነገረህ ይሉኛል። ከዚያ ያንቺ ስም ነው ሬዲዮ ላይ የሚለፈፈው። አንቺን ነው የምጠብቀው። ኢንዲሙሊም ገብቶታል፤ ለዚህ ነው ዝም ያለው። ጥሩ ሰው ነው። ነገሩ ሲበርድ ሌላ ሥራ እፈልግለታለሁ።»

«ከታሰረስ?»

«አይታሰርም።»

«እንዴት አወቅህ?»

እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ። እጁ ሞቃት ነው፤ የአባት እጅ ነው፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ፀጉሯን ያበጠረ፣ ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯን የዳሰሰ እጅ። ካጌሃ ቢያስጠላት በወደደች። አላስጠላትም። ያ ደግሞ ነገሩን አከበደው።

ሁለት ሰዎች ስሟን ደብቀዋል፤ አንዱ ለእሷ ሲል ሊወድቅ፣ አንዱ ከእሷ ኋላ ሊቆም። ሁለቱም «ለልጅቷ ብዬ ነው» ይላሉ። ልጅቷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

«ጠገብኩ» ብላ ተነሣች። ቻፓቲው አልተነካም።

ሚናዮ እዚያው ነበረች፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ። ካጌሃ ከፊቷ ቆመች። ከጎኗ ለመቀመጥ ድፍረቱ አልነበራትም።

«እኔ ነኝ።»

«ምኑ ነሽ?»

«የደወልኩት። በአባቴ ስልክ። አባትሽ ወላድ አለች ብሎኝ ነበር፤ ለአባቴ ነገርኩት። ሰምቷል። አሥር ደቂቃ ነው አለኝ። ያንን መልሼ ለአባትሽ የነገርኩትም እኔ ነኝ።»

ሚናዮ ቀስ ብላ ተነሣች። ካጌሃ ጥፊ ጠብቃ ነበር፤ ጥፊው ቢመጣ ደስ ይላት ነበር።

«ሁለት ወር ሙሉ» አለች ሚናዮ፣ «አጠገቤ ተቀምጠሽ ሒሳብ ኮረጅሽ።»

«ሚና...»

«ሁለት ወር ሙሉ አባቴን ውሸታም ስለው ሰማሽኝ።» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ምን ታደርግልኛለች ብለሽ ለኔ ትነግሪኛለሽ? ንስሓ አባትሽ ነኝ? ላሽ በይ ከፊቴ! ለነሱ ንገሪያቸው።»

ሄደች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

የጸሐፊዋ ክፍል በኮሪደሩ ጫፍ ነው። ደጃፉ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ አሮጊቷ በአንዱ ጫፍ ተቀምጠው ለሕፃኑ ጡጦ ያጠጣሉ። ካጌሃን አዩአት፤ ማን እንደሆነች ግን አላወቁም። «አንቺም ጉዳይ አለሽ ልጄ?» አሏት። በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች።

ጸሐፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ምሳዋ የተቋረጠባት ሴት ነበረች።

«ተማሪዎች ሽንት ቤት ከፈለጋችሁ በዚያ በኩል ነው።»

«ለኮሚቴው የምናገረው አለ።»

«አንቺ?» ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«እንግዲያው ብቻሽን አይሆንም። ወላጅ ይዘሽ ነይ። እናትሽስ?»

«የለችም።»

«አክስት፣ አጎት፣ መምህርም ቢሆን...» ጸሐፊዋ ድምፅዋን አለዘበች። «አብሮሽ የሚቆም ማን አለሽ?»

መምህሩ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበር። ብትጠራው ይመጣል፤ ደስ ብሎት ይመጣል። ካጌሃ ለአፍታ አሰበችው። ከዚያ፣ በክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንደምትመልሰው፣ ጥርት አድርጋ ተናገረች።

«አባቴ አለ። ኤልፋስ አዳጋላ ይባላል። ከኋላ ሻይ እየጠጣ ነው። ጥሩልኝ።»

ጸሐፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። ዘበኛውን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር አለችው፤ ሰውየው ካጌሃን ዘወር ብሎ እያየ ሄደ።

ካጌሃ ወጥታ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሕፃኑ ጡጦውን ጨርሶ ተኝቷል። ከውጭ የክፍሏ ልጆች ወደ አዳራሹ ሲመለሱ ጫጫታቸው ይሰማል፤ የሚናዮ ድምፅ የለበትም።

ብዙም ሳይቆይ አባቷ ከኮሪደሩ ማዶ ብቅ አለ። ኮቱን በክንዱ ይዟል። መጀመሪያ ያየው አሮጊቷን ነው፤ ቀጥሎ ሕፃኑን፤ በመጨረሻ እሷን። ቆመ። ዘበኛው አልፎት ሄደ፣ እሱ ግን እዚያው ቆመ፤ ከግራው ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያወጣ በር ክፍት ነው።

ካጌሃ አልጠራችውም። በአግዳሚው ላይ ወደ አሮጊቷ ጠጋ አለችና፣ በስተቀኟ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች።