ከሥጋ ማቀዝቀዣው የወጣችው ካርድ

የምተርከው ሁሉ እውነት ነው፤ ፀጉር ታህል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ይድረቅ።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሽማግሌ፣ ከቢሯቸውና ከመኖሪያቸው ሥር ባለው የሥጋ ነጋዴ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሞተው ተገኙ። ብርዱ የሰው ጥላ ያደርቃል! ደረት ኪሳቸው ውስጥ የሥራ ካርዳቸው ነበረች። «ቺል» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሥር፣ በእስክሪብቶ ጥርት ብሎ፣ «አንድ፣ አጥንት የሚሰብር ብርድ። ሁለት፣ ፍርሃት ሰውነት ላይ ሲሮጥ። ሦስት፣ በሰውና በሰው መካከል የሚገባ ቅዝቃዜ» ይላል።

መርማሪው ወስፌ ይባላል፤ ዓይኑ ግንብ ይበሳል። ከላይ እስከ ታች ያልጠየቀው ፍጡር የለም።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ እዚያ ምን ሊሠሩ ገቡ?»

«ያልቀመሱትን ቃል አይጽፉም» አሉ ሚስትየዋ። «‹መንሸራተት›ን ሊጽፉ እግራቸውን የሰበሩ ሰው ናቸው።»

«ምን አሉዎት ሲወጡ?»

«ከተነጋገርን ዓመት አልፎናል።»

ወስፌ ወደ ሟቹ ምክትል ዞረ። «አንተስ?»

«ወንበራቸውን እንደምፈልግ አገር ያውቃል። እኔም ሰላምታ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ግን ሰው አልገድልም!»

ወስፌ እስክሪብቶ ይዞ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሩብ ሰዓት ቆየ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሐውልት ሆኖ ይቀር ነበር። ወጣና ሁሉንም በሩ ላይ ሰበሰበ።

«እዚህ ውስጥ የእስክሪብቶ ቀለም ይረጋል፤ አይጽፍም። ስለዚህ ካርዷ የተጻፈችው ውጭ ነው። ሟች ደግሞ ሳይቀምሱ አይጽፉም። እንግዲህ ሌላ ሰው ጽፎ፣ በፈቃዳቸው የገቡ እንዲመስል ኪሳቸው ከተታት፤ በሩንም ዘጋባቸው። የእጅ ጽሑፋቸውን አስመስሎ የሚጽፈው ማነው? ካርዳቸውን ሃያ ዓመት የገለበጠው!»

ካቴናው ምክትሉ እጅ ላይ ጠቅ አለ።

«ጌታው» አለች የማቀዝቀዣው ጽዳት ሠራተኛ፣ መወልወያዋን ተደግፋ፣ ቀስ ብላ። «ካርዷን አባባ ራሳቸው የጻፉት እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሳይገቡ።»

ወስፌ ዞረ። «ሳይቀምሱ?»

«‹ሦስቱንም ቀምሻለሁ› አሉኝ።»

«እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ? በሩም ከውስጥ ይከፈታል፤ ያውቁ ነበር። ሁለቴ ከፍቼ ‹አባባ፣ ኧረ ይውጡ› አልኳቸው። ‹ላይ ቤት ከዚህ ይበርዳል፣ ልጄ፤ ዝጊው› አሉኝ።»

መወልወያዋን አየች።

«ዘጋሁት።»