ያልተቀባው ነጭ ዘለላ

«አትንቀሳቀሺ አልኩሽ! ግንባርሽን ላጨማልቀው ነው እንዴ?»

አክስቷ ጓንት ባጠለቀ እጇ አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ መብራቱ አዞረችው። ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ቀለም እንዳይዘው ቫዝሊን የተቀባው ግንባሯ ያብረቀርቃል።

ከግንባሯ በላይ፣ በስተግራ፣ አንድ ዘለላ ጸጉሯ ነጭ ነው። ስትወለድም ነጭ ነበር። በዚህ የተነሳ የክፍሏ ልጆች «እትዬ» ይሏታል፤ ዘመድ ጎረቤቱም ስሟን ትቶ እትዬ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ቅር ብሏት አያውቅም። «እትዬ፣ በእርስዎ ዘመን ፈተና ይከብድ ነበር?» ሲሏት፣ «በእኛ ዘመንማ ጥያቄውን የምናወጣው ራሳችን ነበርን» ብላ ታስቃቸዋለች።

ጣጣው የመጣው ከአዲሷ ምክትል ርዕሰ መምህርት ጋር ነው። «ጸጉር መቀባት ክልክል ነው» አሏት። አልተቀባሁም ብትል የሚሰማት አጣች። የሕፃንነት ፎቶዋን ስታሳያቸው፣ «ያኔም ቀብተውሽ ይሆናላ!» አሉ። እናቷ ከሥራ አስፈቅዳ ብትሄድ፣ «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው» ተብላ ተመለሰች። በመጨረሻ ቁርጡ ተነገራት፤ ጸጉሯ እስከ ሰኞ ጥቁር ካልሆነ ፈተና አትገባም።

«ጸጉር መቀባት ስለተከለከለ ጸጉሬን እየተቀባሁ ነው» አለች እትዬ። «ይሄ ጤነኛ ነገር ነው?»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው እንጂ!» አለች አክስቷ ቀለሙን በብሩሽ እያለሰለሰች። የእናቷ ታናሽ ናት፤ ጸጉር ቤት ትሠራለች፤ ስትናደድ እጇ ይፈጥናል።

«ጥቁሩን ለምን አላመጣሽም?»

«ጥቁሩ ነጭ ጸጉር ላይ ሲያርፍ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ያን ጊዜ ምክትልሽ ጨርቃቸውን ይጥላሉ። ከቀረው ጸጉርሽ ጋር የሚመሳሰለው ይሄ ጠቆር ያለው ቡናማ ነው።»

«አይለቅም?»

«ይለቃል። የማይለቀውንማ ራስሽ ላይ አላስነካም። ይሄ ላዩን ብቻ ነው የሚያለብሰው፤ በታጠብሽ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል።»

«ሲለቅስ?»

«እንደግመዋለና።»

«ትምህርት እስክጨርስ?»

አክስቷ ቀለሙ ይስማማት እንደሆነ ልትሞክር ከትናንት ወዲያ ከጆሮዋ ጀርባ የቀባችውን ለማየት ጆሮዋን ገለጥ አደረገች። ቆዳዋ አልቀላም፣ አላሳከካትም። ከዚያ ነጩን ዘለላ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሸፈነችውና በፌስታል ጠቀለለችው። ሰዓቱ ሲደርስ በለብ ያለ ውሃ አጠበችላት። ውሃው መጀመሪያ እንደ ጎርፍ ደፍርሶ ወረደ፤ እየቆየ ጠራ።

እትዬ መስተዋት ፊት ቆመች። ዓይኗ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ነጩን ፈለገ።

«አማረብሽ» አለች አክስቷ። ወዲያው የተናገረችው ያስጠላት ይመስል ጓንቷን አውልቃ ወረወረችው።

ሰኞ ጠዋት ምክትሏ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ተማሪው ተሰልፎ በየተራ ይገባል። እትዬን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«እሰይ! ተመልከቱ እስኪ! ተፈጥሮዋ እንዲህ ያምራል!»

የእትዬ ጆሮ ጋለ። አብሯት የተወለደውን ቀለም አሉት፤ ቀለሙን ደግሞ ተፈጥሮ! ከኋላዋ አንዱ «እትዬ ልጅ ሆኑ!» ሲል ሰልፉ ሳቀ። ፈተናው አለ ብላ ጥርሷን ነከሰችና አንድ እግሯን አሻገረች።

«አንቺ ደግሞ ነይ ወዲህ!» አሉ ምክትሏ ከኋላዋ።

የተጠራችው የታች ክፍል ተማሪ ናት፤ ትንሽ፣ ቦርሳዋ ከጀርባዋ የሚሰፋ። ጸጉሯ ወደ ቀይ ያደላል።

«አልተቀባሁም ቲቸር፣ ሙች! የእናቴም እንዲህ ነው» አለች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«እሷም እንዳንቺ ስትምል ነበር» አሉ ወደ እትዬ እየጠቆሙ። «አሁን እያት፣ ንጹሕ ልጅ! ምን እንዳደረግሽ ንገሪያት፣ እሷም ሄዳ እንደዚያው ታድርግ።»

ትንሿ ልጅ ቀና ብላ አየቻት። «አስለቀቅኩት» ብትል ያበቃል፤ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ ፈተናዋን ትሠራለች።

«ተቀባሁ» አለች እትዬ።

«ምን አልሽ?»

«ቅዳሜ ዕለት ተቀባሁ። ከዚያ በፊት ተቀብቼ አላውቅም። ነጩ ነበር የራሴ፤ ይሄ ነው ቀለም።»

በእጇ ወደ ትንሿ ልጅ ጠቆመች። «እሷንም ሂጂና ተቀቢ በያት ነው የሚሉኝ?»

ምክትሏ የእትዬን ጸጉር አዩ፣ የትንሿን አዩ፣ ተመልሰው የእትዬን አዩ። ደወሉ ሲጮኽ ያዳናቸው ይመስል ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

«ግቢ በቃ፣ ፈተናው ሊጀመር ነው» አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው። «ያንቺን በኋላ እናየዋለን።»

«እሷስ?»

«ግቢ አልኩሽ እኮ!»

ሰልፉ በአጠገባቸው እየተጋፋ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። የክፍሏ ልጆች እያለፉ «ነይ እንጂ፣ አበድሽ?» አሏት። ክፍሎቹ አንድ በአንድ በራቸውን ዘጉ።

እትዬ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ከበሩ ወጥታ ከትንሿ ልጅ ጎን ቆመች።